ትእዛዙ ከሪችመንድ፣ ቢሉ በአሌክሳንድሪያ

(በሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ነዋሪዎችና ነጋዴዎች የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ። አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ቤት ያላችሁ ሰዎች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ጁን 15 እና ኖቬምበር 15፣ የቤት ግብር ትከፍላላችሁ። ወረቀቱን ልብ ብላችሁ ካያችሁት ከግብሩ ተለይታ የተጻፈች አንዲት መስመር አለች፤ የዝናብ ውሃ ክፍያ ናት። የዛሬው ንግግር ባብዛኛው የዚያች መስመር ታሪክ ነው። ማን አዘዛት? ተመኗን ማን ቆረጠ? ገንዘቡስ የት ይገባል? ቅሬታ ሲኖረን አብዛኞቻችን ቀጥታ ወደ ከተማው ምክር ቤት ነው የምንሄደው። ምክር ቤቱ ደግሞ ግማሹን ጥያቄ «ይሄ የስቴቱ ጉዳይ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ሰበብ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን እውነታቸውን ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ ከተማ የሚችለው ስቴቱ የፈቀደለትን ብቻ ነው። ይህ የዲለን ደንብ ይባላል። በ1868 አዮዋ ላይ ፍርዱን በሰጡት ዳኛ በጆን ዲለን የተሰየመ ሲሆን ቨርጂኒያ ውስጥ ከ1896 ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። ሕጉ በግልጽ ካልፈቀደ ከተማው አይችልም፤ ጥርጣሬ ከተነሣም ጥርጣሬው የሚፈታው በከተማው ላይ ነው። ስለዚህ ከንቲባውና ስድስቱ የምክር ቤት አባላት በአንድ ድምፅ ቢስማሙ እንኳ፣ በስቴቱ ዋና ከተማ በሪችመንድ የተቀመጡት ሕግ አውጪዎች፣ መቶ ዴሊጌቶችና አርባ ሴናተሮች፣ በር ካልከፈቱላቸው ስምምነታቸው ወረቀት ላይ ይቀራል። በተቃራኒውም ሪችመንድ «ይህን ሥሩ» ብሎ ካዘዘ፣ ገንዘብ ላከም አላከም ከተማው ይሠራል።

ሱቅ ያላችሁ ሰዎች ሁለቱንም ዓይነት በየቀኑ ታዩታላችሁ። ፌስታሉን እንውሰድ። እስከ 2020 ድረስ የትኛውም የቨርጂኒያ ከተማ በፌስታል ላይ አንድ ሳንቲም መጣል አይችልም ነበር። በዚያ ዓመት ሕግ አውጪዎቹ ፈቃዱን ሰጡ፤ «ጣሉ» አላሉም፣ «ከፈለጋችሁ ጣሉ» ነው ያሉት። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተንና ፌርፋክስ ፈቃዱን ተጠቅመው ከጃኑዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በአንድ ፌስታል 5 ሳንቲም ማስከፈል ጀመሩ። የሚመለከተው ግሮሰሪን፣ ኮንቪኒየንስ ስቶርንና ፋርማሲን ነው። ከአምስቱ ሳንቲም በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱ ለባለ ሱቁ ይቀር ነበር፤ ከ2023 ወዲህ አንድ ብቻ ሆኗል። በወር 3,000 ፌስታል የሚሰጥ ሱቅ 150 ዶላር ይሰበስባል፤ 30 ለራሱ ይይዝና 120ውን ከሽያጭ ታክሱ ጋር ለስቴቱ የታክስ መሥሪያ ቤት ያስገባል።

ብዙ ጊዜ ግራ የሚያጋባው የትኛው ፌስታል ይቆጠራል የሚለው ነው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ ዶሮ፣ አትክልት ወይም ሌላ ቶሎ የሚበላሽ ምግብ እንዳይነካካ ብቻ የሚጠቀለልበት ቀጭኑ ፌስታል ነፃ ነው። ካዝናው ላይ ዕቃው ሁሉ ተሰብስቦ የሚገባበት፣ ጆሮ ያለው ፌስታል ግን አምስት ሳንቲም አለበት። እንጀራው ከጋጋሪው ታሽጎ የመጣበት ላስቲክ በእኔ ንባብ ማሸጊያ ነው። ያንኑ እንጀራ ከበርበሬውና ከቡናው ጋር አድርጋችሁ የምትሰጡበት ፌስታል ይቆጠራል። ጆሮ ያለው ሆኖ ውፍረቱ ቢያንስ 4 ሚል (ሚል የኢንች አንድ ሺኛ ነው) የሆነ፣ ደጋግሞ የሚያገለግል ወፍራም ፕላስቲክ ነፃ ነው፤ አከፋፋዩ «ወፍራም ነው» ስላላችሁ ብቻ አትመኑት፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ይህ የፌስታል ገንዘብ ከተማው እንዳሻው የሚያወጣው አይደለም። ሕጉ አራት መንገድ ብቻ ነው የሰጠው፦ አካባቢን ማጽዳት፣ ብክለትና ቆሻሻን መቀነስ፣ ስለ አካባቢ ማስተማር፣ የመንግሥት የምግብ ድጋፍ ለሚያገኙ ቤተሰቦች ደጋግሞ የሚያገለግል ከረጢት ማደል። ስለዚህ ምክር ቤት ፊት ቆሞ «በፌስታሉ ገንዘብ መንገዴ ላይ የፈረሰውን አስፋልት ሥሩልኝ» ማለት ጊዜ ማባከን ነው። «ሱቄ ፊት ለፊት ያለው ጅረት ይጸዳልኝ፤ ለጎረቤቶቼም ከረጢቱ በአማርኛ ከተጻፈ ማብራሪያ ጋር ይታደል» ማለት ግን ሕጉ ውስጥ ያለ ጥያቄ ነው።

የስታይሮፎሙ ነገር ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። እዚህ ላይ ስቴቱ ፈቃድ አልሰጠም፤ አዘዘ። በቨርጂኒያ ሃያና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያላቸው ምግብ ቤቶች ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ፣ ሌሎቻችን በሙሉ ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ምግብ በነጩ ፎም ዕቃ መስጠት ተከልክለናል። ቅጣቱ በቀን እስከ 50 ዶላር ነው። ከተማው ችግር ላለበት ነጋዴ እስከ አንድ ዓመት የሚደርስ ፋታ መስጠት ይችላል። ወጥ ለሚወስድ ደንበኛ ወደ ወረቀት ሣጥን የምትዞሩ ከሆነ ቀድማችሁ ሞክሩት፤ ቀይ ወጥ ከነዘይቱ ግማሽ ሰዓት ሲቆይ የርካሹ ሣጥን ሥር ይርሳል።

እነዚህ ትንንሾቹ ናቸው። ትልቁ ጉዳይ ከመሬት በታች ነው።

ኦልድ ታውን በሚባለው የአሌክሳንድሪያ አሮጌ ክፍል ሥር 540 ኤከር ያህል የሚሸፍን አሮጌ ጥምር የፍሳሽ መስመር አለ። ጥምር የተባለው የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽና የመንገድ ዝናብ በአንድ ቱቦ ስለሚሄዱ ነው። ፀሐይ በሆነ ቀን ሁሉም ወደ ማጣሪያው ጣቢያ ይደርሳል። ዝናብ ሲጥል ቱቦው ይሞላል። የሞላ ቱቦ ደግሞ ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያለው፤ ወይ ወደየቤቱ ቤዝመንት መመለስ ወይ ወደ ወንዝ መፍሰስ። የጥንቶቹ መሐንዲሶች ወንዙን መረጡ፤ አራት ማፍሰሻ አፍ ሠሩ። አንዱ በኦሮኖኮ ቤይ በኩል ቀጥታ ወደ ፖቶማክ ወንዝ፣ ሌላው ወደ ሃንቲንግ ክሪክ፣ ሁለቱ ወደ ሁፍስ ራን ጅረት ይከፈታሉ። በዓመት ከ100 ሚሊዮን ጋሎን በላይ ዝናብና ፍሳሽ የተቀላቀለበት ውሃ ሳይጣራ ይወጣባቸው ነበር።

ከተማው በ2016 ዕቅድ አወጣ። ሦስቱን አፎች ቀድሞ ሊይዝ ተስማማ፤ የኦሮኖኮውን ግን ለኋላ ገፋው። ምክንያቱ ገንዘብ ነው። ከወንዙ በታች ያሉ አካባቢዎችን የሚወክሉ ሕግ አውጪዎች፣ ከሁለቱም ፓርቲ፣ ይህን አልወደዱትም። በ2017 ጠቅላላ ጉባኤው፣ ማለትም የስቴቱ ሕግ አውጪ አካል፣ ቀን የሚቆርጥ ሕግ አወጣ፤ አራቱም እስከ ጁላይ 1 ቀን 2025 መፍትሔ እንዲያገኙ አዘዘ። ከተማው በአንድ የጉባኤ ወቅት የብዙ ዓመት ፋታ አጣ።

በ2018 አራቱ አፎች ከከተማው ወደ አሌክስሪኒው ተዛወሩ። አሌክስሪኒው የማጣሪያው ጣቢያ ባለቤት የሆነ የሕዝብ ድርጅት ነው፤ አምስት የቦርድ አባላቱን የሚሾመው የከተማው ምክር ቤት ነው። የተመረጠው መፍትሔ ከ100 ጫማ በላይ ጥልቀት ላይ የሚያልፍ፣ 12 ጫማ ስፋት ያለው፣ ሁለት ማይል ያህል የሚረዝም ዋሻ ነው። ሥራው ይህ ነው፦ ዝናቡ ሲበረታ ወደ ወንዝ ይሄድ የነበረው ውሃ ወደ ዋሻው ይወርዳል፤ ዋሻው ይዞ ያቆየዋል፤ ዝናቡ ሲያባራ ፓምፖች እየሳቡ ወደ ጣቢያው ይልኩታል። ለዚህም ጣቢያው በዝናብ ጊዜ በቀን ማጣራት የሚችለው ከፍተኛ መጠን ከ108 ሚሊዮን ወደ 116 ሚሊዮን ጋሎን እንዲያድግ ሆነ። ዋሻውን የቆፈረችው ማሽን ሄዘል ትባላለች። ቀኑ ግን አልደረሰም፤ በ2025 በተደረገ የሕግ ማሻሻያ ወደ ጁላይ 1 ቀን 2026 ተራዘመ። ይህንንም ማራዘም የሚችለው ሪችመንድ ብቻ እንደነበር ልብ በሉ።

ወጪው 615 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ ተገምቶ ነበር። ትዕዛዙ ሲወጣ አብሮ የወጣ ገንዘብ አልነበረም። ኋላ ላይ ግን ድርድሩ ፍሬ ሰጠ፤ በ2021 ስቴቱ ከፌዴራሉ የኮቪድ ማገገሚያ ገንዘብ 125 ሚሊዮን ዶላር ተመሳሳይ መስመር ላላቸው ሦስት ከተሞች፣ ለአሌክሳንድሪያ፣ ለሪችመንድና ለሊንችበርግ መደበ። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ደግሞ ለአሌክስሪኒው 321 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። ዜናው ላይ «ከፌዴራል 321 ሚሊዮን ዶላር ተገኘ» ሲባል ስጦታ የመሰላቸው ብዙዎች ናቸው። ብድር ነው። ከነወለዱ የሚመለሰው በየወሩ ከሚመጣው የፍሳሽ ቢል ነው፤ አፓርትመንት የምትከራዩም ብትሆኑ ባለቤቱ አከፋፍሎ ይልክላችኋል። ሕግ አውጪዎቹ ቀን መቁረጣቸው ትክክል ነበር እላለሁ፤ ያለ ቀነ ገደብ የኦሮኖኮው አፍ ዛሬም በዕቅድ ላይ ይሆን ነበር። ነገር ግን ቀን ሲቆርጡ ድርሻቸውንም አብረው መቁረጥ ነበረባቸው። አሌክሳንድሪያን የማይወክል ሰው በሌላ ሰው ቢል ላይ ድምፅ መስጠት አይከብደውም።

ዋሻው ግን የቤታችሁን ጎርፍ አያቆምም። የሚያገለግለው ያንን 540 ኤከር ነው። ዌስት ኤንድ ወይም ቦሬጋርድ አካባቢ የምትኖሩ ሰዎች ቱቦዎቻችሁ የተለያዩ ናቸው፤ ፍሳሹ በአንዱ፣ ዝናቡ በሌላው ይሄዳል። ሁለቱን ማምታታት በስብሰባ ላይ ደጋግሞ የሚታይ ስሕተት ነው። ሰው ስለ ቤዝመንቱ ይናገራል፣ መሐንዲሱ ስለ ዋሻው ይመልሳል፣ ሁለቱም ሳይግባቡ ይለያያሉ።

ወደ ቤት ግብሩ መስመር እንመለስ። የዝናብ ውሃ ክፍያው በ2018 ሲጀመር በአንድ መለኪያ 140 ዶላር ነበር። መለኪያው 2,062 ስኩዌር ፊት ውሃ የማያሳልፍ ገጽ ነው፤ ጣሪያ፣ አስፋልት፣ ኮንክሪት። መካከለኛ ነጠላ ቤት አንድ መለኪያ ይከፍላል፣ ትልቅ ነጠላ ቤት 1.67፣ ታውንሀውስ 0.42፣ ኮንዶ 0.28። ጁላይ 8 ቀን 2019፣ ጁላይ 23 እና ሴፕቴምበር 10 ቀን 2020 የወረዱትን ዝናቦች የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ቱቦዎቹ የሚሠሩት በየትኛውም ዓመት አሥር በመቶ የመምጣት ዕድል ላለው ዝናብ ነው፤ አሮጌዎቹ ደግሞ ለዚያም አይበቁም። እነዚያ ዝናቦች ከዚያ በለጡ። በ2021 ምክር ቤቱ ክፍያውን በአንድ ጊዜ ወደ 280 ዶላር አሳደገው፤ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። በ280 ሒሳብ ታውንሀውስ 117.60፣ ኮንዶ 78.40 ዶላር ማለት ነው።

ይህ ክፍያ እንጂ ግብር ስላልሆነ ከግብር ነፃ የሆነ ድርጅትም ይከፍላል። ቤተ ክርስቲያኖቻችንና መስጊዶቻችን የሚደነግጡት እዚህ ላይ ነው። ጣሪያውና መኪና ማቆሚያው 40,000 ስኩዌር ፊት የሆነ ቤተ ክርስቲያን 19.4 መለኪያ ይሆናል፤ በ280 ሲባዛ በዓመት ከ5,400 ዶላር በላይ። የቅናሽ ማመልከቻ አለ። መኪና ማቆሚያው ዳር ውሃ የሚያሰርግ የአትክልት ጉድጓድ ያለው፣ ወይም ጎርፉን የሚያዘገይ ሌላ ሥራ የሠራ ድርጅት ክፍያው ይቀነስለታል። ግቢ ለማስፋት ያሰባችሁ የቦርድ አባላት አስፋልቱን ከማንጠፋችሁ በፊት አስሉት፤ ሦስት መቶ ስኩዌር ፊት ለሚሆን አንድ መኪና ቦታ ለዘላለም ትከፍላላችሁ።

ይህ ገንዘብ ከጎርፍ በተጨማሪ የስቴት ግዴታም ይሸከማል። የፌዴራሉ ኤጀንሲ በ2010 ፖቶማክ ለሚፈስበት ባሕረ ሰላጤ፣ ለቼሳፒክ ቤይ፣ የብክለት ጣሪያ ካስቀመጠ በኋላ፣ ስቴቱ በፈቃድ ወረቀቱ ለከተማው ድርሻውን ቆርጦ ሰጠው። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ደለል እንዲቀነሱ የታዘዘውን መጠን 5 በመቶ እስከ 2018፣ 40 በመቶ እስከ 2023፣ መቶ በመቶ እስከ 2028 ማድረስ አለበት። ለዚህ ርካሹ መንገድ ያሉትን ኩሬዎች ማሻሻል ነው። ሌክ ኩክ፣ እንዲሁም ካሜሮን ስቴሽን አጠገብ ያለው የቤን ብሬንማን ኩሬ እንዲህ ነው የታደሱት፤ ግማሹ ወጪ የተሸፈነው ሕግ አውጪዎቹ በ2013 ካቋቋሙት የዝናብ ውሃ የአካባቢ ድጋፍ ፈንድ ነው። ይህ ፈንድ ከተማው አንድ ዶላር ሲያዋጣ አንድ ዶላር ይጨምራል።

ኩሬው እንዲህ ይሠራል። ጎርፉ መጀመሪያ የሚገባው ትንሽ ገንዳ ውስጥ ነው፤ እዚያ ፍጥነቱ ይበርዳል፣ አሸዋና ደለሉ ይዘቅጣል፤ ከዚያ ወደ ዋናው ኩሬ ሲሻገር ዳርና ዳር ያሉት ተክሎች ፎስፈረሱን ይወስዱታል። የሚበላሸውም እዚያችው ትንሽ ገንዳ ላይ ነው። በየጊዜው ካልተጠረገች በደለል ትሞላለች፤ የሞላች ገንዳ ላይ ውሃው ሳይዘገይ እየተንደረደረ ያልፋል፤ ባለፈው ዓመት የዘቀጠውንም አንሥቶ ይዞት ይሄዳል። ፈንዱ ግንባታውን ይጋራል እንጂ መጥረጊያውን አይከፍልም። ፖለቲከኛ ለምርቃት ሪባን ይቆርጣል፤ ለደለል መጥረጊያ ሪባን የለም። በበጀት ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ የመጠየቅ ዕድል ቢሰጣችሁ «ዘንድሮ ለኩሬ ጥገና ስንት ተመደበ፣ አምና ከተመደበውስ ስንቱ ወጣ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላው የስቴት ምንጭ የማኅበረሰብ ጎርፍ ዝግጁነት ፈንድ ነው፤ ታሪኩ ግን የዚህን ሁሉ ድክመት ያሳያል። ቨርጂኒያ በ2021 ሬጂ ወደሚባለው የምሥራቅ ስቴቶች የካርቦን ጨረታ ገባች። የኤሌክትሪክ ኃይል ጣቢያዎች ለሚለቁት ካርቦን ፈቃድ ይገዙ ነበር፤ ከገንዘቡ 45 በመቶው ለጎርፍ፣ ግማሹ የአነስተኛ ገቢ ቤተሰቦችን ቤት ኃይል ቆጣቢ ለማድረግ ይውል ነበር። በገዥው ያንግኪን ዘመን ስቴቱ በ2023 መጨረሻ ወጣ። በኖቬምበር 2024 አንድ የስቴቱ ፍርድ ቤት አወጣጡ ሕጋዊ አይደለም አለ፤ ጨረታው በቆመበት ጊዜ ሁሉ ግን ፈንዱ በየዓመቱ በሚመደብለት በጀት ላይ ተንጠልጥሎ ቆይቷል። ቋሚ ምንጭ የነበረው የልመና ገንዘብ ሆነ ማለት ነው። ለእኛ የሚጠቅም አንድ አንቀጽ ሕጉ ውስጥ አለ፤ በየዓመቱ ከሚሰጠው ገንዘብ ቢያንስ 25 በመቶው አነስተኛ ገቢ ባላቸው ሠፈሮች ለሚሠራ ሥራ መዋል አለበት። ይህን አንቀጽ ጠቅሶ «ከእኛ ሠፈር የትኛው ሥራ ቀርቧል?» ማለት ይቻላል።

እስከዚያው ቤዝመንታችሁ ውስጥ ፍሳሽ የሚመለስባችሁ ሰዎች አንድ ነገር አለላችሁ። ከተማው ከ2021 ጀምሮ ቤቱን ከጎርፍ ለሚከላከል ባለቤት ካወጣው ግማሹን፣ እስከ 5,000 ዶላር፣ የሚመልስበት ፕሮግራም አለው። ቀድማችሁ ታወጣላችሁ፣ በደረሰኝ ይመለስላችኋል፤ ስለዚህ ያለ ደረሰኝ በጥሬ ገንዘብ የሚሠራ ሰው አትቅጠሩ። ሥራው ከመጀመሩም በፊት የግንባታ ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ፣ የዘንድሮው ገንዘብም አላለቀ እንደሆነ ጠይቁ። ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ አንድ ክዳን ነው፤ ውሃ ሲወጣ ይከፈታል፣ ከመንገዱ ሲመለስ ይዘጋል። ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንደኛ፣ የሕፃን መጥረጊያና የረጋ ቅባት ክዳኑ ሥር ይሰነቀራል፤ ያኔ አይገጥምም፤ ስለዚህ በዓመት አንዴ ይከፈትና ይጽዳ። ሁለተኛ፣ ክዳኑ ተዘግቶ ሳለ የራሳችሁም ውሃ መውጫ የለውም። ኃይለኛ ዝናብ እየጣለ ልብስ ማጠቢያ ካስነሣችሁ ቤዝመንቱን የምታጥለቀልቁት ራሳችሁ ናችሁ።

የቀረው የጊዜው ነገር ነው። ጠቅላላ ጉባኤው በየዓመቱ በጃኑዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ ይከፈታል፤ በሙሉ ቁጥር ዓመት (እንደ 2026 ባለው) 60 ቀን፣ በጎደሎው 30 ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 46 ይራዘማል። የሁለት ዓመቱ በጀት የሚጸድቀው በሙሉ ቁጥሩ ዓመት ነው። ከተማው ለሪችመንድ የሚያቀርበውን የጥያቄ ዝርዝር በመከር ያዘጋጅና ከጉባኤው በፊት ያጸድቃል። በፌብሩዋሪ ተነሥቶ «ይህን ጨምሩልን» የሚል ሰው ባቡሩ ሄዶበታል። ዝርዝሩ ውስጥ መግባት የሚፈልግ በኦገስትና በሴፕቴምበር ከምክር ቤቱ አባላት ጋር ይነጋገር፤ በዲሴምበር ደግሞ ዴሊጌቱና ሴናተሩ ቢሮ ይሂድ። የከተማው የራሱ በጀት በፌብሩዋሪ መጨረሻ አካባቢ ይቀርብና ኤፕሪል ማለቂያ ወይም ሜይ መጀመሪያ ላይ ይጸድቃል። ከተማው ከስቴቱ ስንት እንደሚያገኝ ሳያውቅ የሚያጸድቅበት ጊዜ አለ፤ በ2023 የስቴቱ የበጀት ማሻሻያ የተፈረመው በሴፕቴምበር ነው።

የከተማው ምክር ቤት የሕዝብ አስተያየት የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ነው የሚሰጠው። በመግቢያ ሰላምታ አንድ ደቂቃ አታቃጥሉ። መንገዱን፣ ውሃው የገባበትን ቀንና ሰዓት፣ የደረሰበትን ከፍታ በኢንች፣ ያወጣችሁትን ወጪ ተናገሩ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ያውም ያ አካል ማድረግ የሚችለውን፦ ክፍያና ጥገና ከሆነ ለከተማው፣ የፍሳሽ ቢል ከሆነ ለአሌክስሪኒው ቦርድ፣ ፈቃድ ወይም የፈንድ ገንዘብ ከሆነ ለዴሊጌታችሁ። ፎቶውን አትማችሁ ለምክር ቤቱ ጸሐፊ ስጡ፤ ስልክ ከሩቅ ማሳየት ማንም አያይላችሁም። በአማርኛ መናገር የምትፈልጉ አስተርጓሚ ከቀናት በፊት ጠይቁ። ስትጠይቁም የትርጉሙ ጊዜ ከሦስቱ ደቂቃ እንዳይቆጠርባችሁ በጽሑፍ አስረግጡ፤ አለዚያ የምትናገሩት አንድ ደቂቃ ተኩል ብቻ ይሆናል።